ምስጋና ደመወዝ ይሆናልን?

በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን የነርሶች ቀን ሲከበር ለነርስ የማይሰጣት የሙገሳ ስም የለም። እናት ትባላለች፤ ሻማ ትባላለች፤ ነጭ የለበሰች መልአክ ትባላለች። እኔም ከአወዳሾቹ አንዱ ነበርኩ። በቴአትሮቼ ውስጥ ነርስን ወደ መድረክ ያወጣኋት ሁልጊዜ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው። ትዕይንቱ ሲያበቃ መብራቱ ይጠፋል እንጂ ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ፣ የት እንደምታድር፣ ምን እንደምትበላ አሳይቼ አላውቅም። መልአክ የቤት ኪራይ አይጠየቅምና! ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚሁ ከራሴ ጉድለት ይነሣል። ኅብረተሰብ የአንድን ሥራ ክቡርነት በቃል እያወደሰ ዋጋውን ቢያሳንስ፣ ውዳሴው ክፍያ ነው ወይስ መደለያ?

ጥያቄው በአየር ላይ እንዳይቀር በአንድ ከተማ ላይ እናሳርፈው። በደምብያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኞች በአንድነት እየሠለጠኑ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይሠማሩ ጀመር። ያ ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከተማውም አብሮት አደገ። መምህሩ፣ የአስተዳደር ሠራተኛው፣ ከግቢ ውጭ የሚኖረው ተማሪ፣ ከገጠር በሽተኛ ይዞ የመጣው አስታማሚ፣ ሁሉም ማደሪያ ይሻል። በሆስፒታሉ ዙሪያ ያለችው ጠባብ ክፍል ፈላጊዋ ይበዛል። እንዲህም ሆኖ ነርሷን ያስተማረው ተቋም፣ ሳያስበው፣ ነርሷ የምትከራየውን ክፍል ያስወድድባታል። ይህ የጎንደር ብቻ ሳይሆን የጅማም የሐዋሳም እውነት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ ከበደ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የኑሮ ጥያቄያቸውን ሥራ እስከ ማቆም አድርሰው አሰሙ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮም የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ። ጭማሪው ቀላል አይደለም፤ መካድም አይገባም። ነገር ግን ደመወዝ በወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ብቻ አይለካም። ከዚህ ላይ ግብርና ከመቶ 7 የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል። ከቀረው ግማሹን ኪራይ ቢወስደው፣ ነርሷ የወሩን 15 ቀን የሠራችው ለጣሪያ ብቻ ነው ማለት ነው። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ከሰሉ፣ መጓጓዣው፣ ለወላጆቿ የምትልከውም ጭምር ከቀሪው 15 ቀን ይወጣል።

«አገራችን ድሃ ናት፤ ድህነቱን በጋራ መሸከም አለብን» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ክብደት አለው። አከራይዋም ብዙ ጊዜ ከዚያች ክፍል ሌላ ገቢ የሌላት አሮጊት ናት፤ ጤፍ የምትሸምተውም ከዚያው ገበያ ነው። ሆኖም ሸክምን በጋራ መሸከም የሚባለው ሸክሙ ተመዝኖ ሲከፋፈል ነው። መሥዋዕትነት ባለቤቱ ፈቅዶ ሲሰጠው መሥዋዕትነት ነው፤ ሌላው ሰው ወስኖ ሲያስከፍለው ግን ስሙ ያልተጠራ ግብር ይሆናል።

ነርሷ ተማሪ ሳለች የወጪ መጋራት ውል ፈርማለች። ይህ ሥርዓት በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ተማሪው በገንዘብ ወይም በአገልግሎት የሚከፍለው ዕዳ በብርና በሳንቲም ይመዘገባል። ሕዝብ ያስተማረው ሰው የሕዝብ ባለዕዳ ነውና ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ሕዝቡስ ለእርሷ ያለበት ዕዳ በየትኛው መዝገብ ሰፈረ? የእርሷ ዕዳ በሳንቲም፣ የእኛ ዕዳ በግጥም የሚቆጠር ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል።

«ገንዘብ የሚቆጥር እጅ ርኅራኄ አይኖረውም» የሚሉም አሉ። እስቲ ኪራይ ለመሙላት ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ሌሊት በግል ክሊኒክ የምትሠራን ነርስ እናስብ። ንጋት ላይ መርፌውን የሚይዘው እጅ ርኅራኄ አላጣም፤ ያጣው እንቅልፍ ነው። ያ እጅ ቢሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው በሽተኛው ነው። ስለዚህ የነርሷ የቤት ኪራይ የነርሷ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

መመሪያ የምታወጡ፣ በየክፍሉ የምታስተምሩ፣ ብዕር የያዛችሁ አንባብያን ሆይ! ደመወዝ ሲተመን ሠራተኛው የሚመደብበት ከተማ ኪራይ አብሮ ይመዘን። ዩኒቨርሲቲ አዲስ አዳራሽ ሲያንጽ በሆስፒታሉ ለሚቀጠሩት ጀማሪዎች ማደሪያ ያስብ። እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎችም ነርስን ከመልአክነት አውርደን ወደ ሰውነቷ እንመልሳት። በሚቀጥለው ቴአትሬ ነርሷ ተራዋን ጨርሳ ከሆስፒታሉ ስትወጣ መጋረጃው አይዘጋም። ተመልካቹ እስከ ቤቷ ይከተላታል፤ በሩን ከፍታ ስትገባም ከደመወዟ የቀረውን አብሯት ይቆጥራል። ጭብጨባው፣ የሚገባ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ይምጣ።