ትንሿ ጣቢያና የእውነት ዕዳ

የሰው ልጅ ትልቁን ነገር አሳንሶ የመሥራት ፍላጎቱ ከጥንት ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። ሕፃን ከጭቃ በሬ ይጠፈጥፋል፤ ዐዋቂ ደግሞ ከእንጨትና ከወረቀት ከተማ ያቆማል። እንዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው እንደ ጨዋታ ስለሚቆጠር፣ የምግባር ጥያቄ ይነሣበታል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከጨዋታው ሥር ሊመረመር የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ያለፈን ወይም የፈረሰን ስፍራ በአምሳያ መልሶ የሚሠራ ሰው ለእውነት ዕዳ አለበትን? ካለበትስ የሚከፍለው ለማን ነው? የሚለው ነው። ጥያቄውን ያገኘሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በዳምቦያ፣ በአጎቴ ቤት፣ በአንዲት የጭቃ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ስለሆነ ከዚያው ብጀምር አንባቢ ይፈቅድልኛል ብዬ አምናለሁ።

ዳምቦያ በከምባታ ምድር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እንሰትና ባሕር ዛፍ እንጂ ሐዲድ አይታባትም። ባቡርን ወደዚያ ያደረሰው የሰው እግር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም.፣ የመተሐራው ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ፣ መሬት የጠበባቸው የከምባታና የሐዲያ ወጣቶች ሸንኮራ ለመቁረጥ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጉረፍ ያዙ። ከእነዚህ አንዱ አጎቴ ነበሩ። በእግርና በጭነት መኪና ሞጆ ይደርሱና ከዚያ በባቡር ይሳፈሩ ነበር። እርጅና ከሥራ ባሳረፋቸው ጊዜ ያን የወጣትነት መንገድ በሰፊ ጣውላ ላይ ሠሩት። ሐዲዱ ሽቦ፣ አግዳሚዎቹ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ፉርጎዎቹ የዘይት ቆርቆሮ ነበሩ። በመካከሉ በሸለቆው ካሉት ትናንሽ ጣቢያዎች አንዷ፣ ከጭድና ከጭቃ ተሠርታ፣ ከፊቷ የእሾህ ዝንጣፊ እንደ ግራር ተተክሎላት ቆማ ነበር። የጣቢያዋን ስም መጥራት ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ ጣቢያዋና አካባቢዋ ቀለጡ። ለመስቀል፣ በአገሩ አጠራር ለመሳላ፣ እንደ ልማዴ ወደ ቤተ ሰብ ስገባ አጎቴ እንዳግዛቸው ጠየቁኝ። እኔም በከተማ ልጅ ድፍረት አንድ ሐሳብ አቀረብሁ።

«አጎቴ፣ ከፈረሰ አይቀር አሳምረን እንሥራው። ግድግዳውን በኖራ እንለስነው፤ ከፊቱም አበባ ይኑር» አልኋቸው።

«በዚያ አበባ አልነበረም፤ ከግራሩ ሥር የነበረው የተኛ ሰው ነው» አሉኝ።

«ግን በፊት በሠሩትም ላይ ከግራሩ ሥር ሰው አላየሁም።»

አጎቴ ዝም አሉ። ሥራውንም ለዚያ ቀን አቆሙት። በማግሥቱ ብቻችንን ስንሆን ነገሩን አጫወቱኝ። በአንድ የሥራ ወራት አብሯቸው የሄደ የጎረቤት ልጅ በዚያች ጣቢያ ወባ ጣለው። ቡልኮውን ደርበውለት ከግራሩ ሥር አስተኙት። ባቡሩ ሲመጣ ግን፣ የቀን ሥራው እንዳያመልጣቸው ፈርተው፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብለውት ተሳፈሩ። በአራተኛው ቀን ሲመለሱ ተቀብሮ አገኙት። አገራቸው ሲገቡም ለቤተ ሰቡ «ሞጆ ላይ ተለያየን፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» ብለው ተናገሩ። ይህ በ1960ዎቹ የሆነ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዚህ ረገድ ሊቀርቡ የሚችሉ ሁለት አስተሳሰቦች አሉ።

የመጀመሪያው አምሳያ የውበት ሥራ ነውና ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ይያዝ የሚል ነው። ይህን በቀላሉ መጣል አይቻልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች የዋርሶን አሮጌ ከተማ አውድመውት ነበር። የፖላንድ ሕዝብ መልሶ ሲያቆመው ከመሪዎቹ ምስክሮች መካከል በ18ኛው መቶ ዓመት ቤርናርዶ ቤሎቶ የሣላቸው ሥዕሎች ይገኙባቸዋል። ሠዓሊው አንዳንዱን ሕንፃ እንደ ዐይኑ ፈቃድ አሳምሮት ስለ ነበር፣ ከፍርስራሹ ከተነሣው ከፊሉ በሥዕል እንጂ በምድር ያልነበረ ውበት ነው ይባላል። ያም ሆኖ ከተማው እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዋርሶዎችን ዋሾች ብሎ የሚከሳቸው የለም። ለምን? ያሳመሩት ግድግዳ የማንንም ሞት የሚሸሽግ ስላልነበረ፣ ጥፋቱንም ራሳቸው ለዓለም የሚናገሩት ስለ ነበር ነው።

ሁለተኛው አስተሳሰብ ደግሞ አምሳያ የነበረውን ሁሉ አንድም ሳይቀር ይያዝ የሚል ነው። ይህ ጨዋ ሐሳብ ቢመስልም የሚቻል አይደለም። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የአምሳያ ባቡር ልክ 1 ለ87 ነው። በዚህ ልክ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው አሮጌው መስመር ደግሞ በዚሁ ልክ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን የሚችል ጣውላ የለም። ስለዚህ አሳንሶ የሚሠራ ሁሉ የግድ ይመርጣል፤ የመረጠም የግድ ይተዋል። መተው በራሱ ውሸት ቢሆን ኖሮ ካርታም ታሪክም ባልተጻፈ ነበር።

በዚህ ጸሐፊ እምነት መለያው መስመር የሚሰመረው ሌላ ስፍራ ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት «ምን ተተወ?» ብቻ ሳይሆን «መተዉ የጠቀመው ማንን ነው?» የሚለው ነው። ጣውላው ስለ ጠበበ የተተወ ነገር አለ፤ ሠሪው ሊያየው ስለ ፈራ የተተወም አለ። የመጀመሪያው የሥራው ጠባይ ሲሆን ሁለተኛው የሠሪው ዕዳ ነው። በአጎቴ ጣውላ ላይ ግራሩ በቂ ስፍራ ነበረው፤ ከሥሩ ሰው ያልተኛው ስፍራ ጠፍቶ አልነበረም።

ምናልባት አንባቢ «በአንድ ጓሮ ያለ የጭቃ ጣቢያ ማንን ይጎዳል? ሟቹ አያየው፤ አላፊ አግዳሚው አያውቀው» ይል ይሆናል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዐይን ነው። ስፍራን ከላይ አይቶ፣ ሰውን እንደማይመች ነገር አንሥቶ ወደ ጎን ማኖር የለመደ ዐይን፣ ልማዱን በትንሹ ጣውላ ላይ ትቶት አይሄድም።

ለዚህ የለገሐርን አካባቢ ማሰብ ይበቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ወለደ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ዛሬ የምናውቀው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መንገደኛው ከከተማው ዳር ወደ ተሠራው ጣቢያ ዞረ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ የለገሐርን አካባቢ በሰፊው መልሶ ለመገንባት ዕቅድ ይፋ ሲሆን አሮጌው ሕንፃ በቅርስነት እንዲጠበቅ ታስቧል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕንፃ ራሱን እንጂ በደጁ ያለፉትን አይናገርም። ሻንጣ ተሸካሚው፣ ሻይ ሻጯ፣ ከአዳራሹ ውጭ ያደረው የቀን ሠራተኛ የጣቢያው አካል የነበሩትን ያህል ከግንቡ ውስጥ አይገኙም። የከተማ ዕቅድ አውጪም ሥራውን የሚጀምረው እንደ አጎቴ በጠረጴዛ ላይ፣ ባለ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሰዎችን ይዞ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ መንደር በሁለት ጣት ይነሣል፤ አቧራ እንኳ አይቦንም። ይህን የምለው የማንንም ዕቅድ ለመንቀፍ ሳይሆን፣ የትንሹ ሥራ ምግባርና የትልቁ ሥራ ምግባር ከአንድ ዐይን የሚመነጩ መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

ይሁን እንጂ በተቃራኒው ወገንም ወጥመድ አለ። አጎቴ ታሪኩን ከነገሩኝ በኋላ እኔ፣ ነገሩን ለማቅለል ይመስለኛል፣ «እንግዲያው ከጭቃ ሰው እንሥራና ከግራሩ ሥር እናስተኛው፤ እርስዎም ያርፋሉ» ብያቸው ነበር።

«ልጄ፣ ጭቃውን ለማን ነው የማሳየው? እኅቱ ከዚህ ሁለት ጥሪት ርቃ ተቀምጣ ሳለ እኔ ከአሻንጉሊት ጋር እታረቃለሁ?» አሉ።

ይህ ንግግራቸው ጥያቄውን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው በሚገባ እንደ ተረዱት አሳየኝ። ኪነ ጥበብ ዕዳን ያስታውሳል እንጂ ዕዳን አይከፍልም። ምስል ሠርቶ የተናዘዘ የሚመስለው ሰው ራሱን ሁለት ጊዜ አታሏል፤ መጀመሪያ በመደበቁ፣ ቀጥሎ ባለመደበቁ በመኩራራቱ። የአምሳያው እውነት ዋጋ የሚኖረው በሕይወት ያለው እውነት ከቀደመው ብቻ ነው።

አጎቴ በበዓሉ ሦስተኛ ቀን ሁለት ሽማግሌ ይዘው ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄዱ። በዚያ የተነገረውን ሁሉ መጻፍ የእኔ ድርሻ አይደለም። ይቅርታውም ወዲያው አልመጣም፤ ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻ ግን ሴትዮዋ ራሳቸው መጥተው ጣውላውን ለማየት ጠየቁ። የጭቃው ሰው በዚያን ጊዜ ገና አልተሠራም ነበር። ሽቦውን፣ ቆርቆሮውን፣ ግራሩን ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣

«ከዚህ ዳምቦያ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ።

አጎቴ በእጃቸው አመለከቱ። ሴትዮዋም ወንድማቸው ሲሠራ ፊቱ ወደዚያ እንዲሆን አዘዙ። እንደዚያው ተደረገ። ግድግዳው በኖራ አልተለሰነም፤ አበባም አልተተከለም።

እንግዲህ ለመደምደም ያህል፣ ያለፈን ስፍራ መልሶ የሚሠራ ሰው በጭቃም ይሁን በሲሚንቶ ሁሉንም ነገር የመመለስ ግዴታ የለበትም፤ አይችልምም። ያለበት ግዴታ መምረጫውን መመርመር ነው። የተተወው ስፍራ ስለ ጠበበ ነው ወይስ ዐይን ስለ ሸሸ? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ እጁን ከጭቃው አንሥቶ አስቀድሞ የሚያንኳኳው በር አለ። የፈረሰ ነገር መልሶ የመሠራት ዕድል ሲያገኝ ያው ዕድል ለሠሪውም የተሰጠ ነው፤ ቀድሞ የዘለለውን ስፍራ ዳግመኛ በዚያው ያልፍበታልና።