እንጀራና ዕጣ

ሰው የሚሠራውን ሥራ ማን ይመርጥለታል? ወላጆቹ? መንግሥት? ራሱ? ወይስ ዕድል? ጥያቄው ትምህርታቸውን ለሚጀምሩ ወጣቶች ብቻ የሚቀርብ አይደለም። በሁርሊንግሃምና በአካባቢው በምንኖረው ኢትዮጵያውያን መካከል ሙያም ልምድም ያለው ጎልማሳ «ከእንግዲህ ምን ሠርቼ ልኑር?» እያለ ሲጨነቅ መስማት የተለመደ ነው።

ቻይናውያን ይህንኑ ጥያቄ የሚያቀርቡበት ጥንታዊ ሥርዓት አላቸው። በሆንግ ኮንግ፣ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሁን ባለበት ስፍራ በሚገኘው በዎንግ ታይ ሲን ቤተ መቅደስ፣ ጠያቂው ተንበርክኮ 100 የቀርከሃ ስንጥሮች የታጨቁበትን ዕቃ በሁለት እጁ ይይዛል። ጥያቄውን በልቡ ከተናገረ በኋላ አንዲት ስንጥር ተለይታ እስክትወድቅ ድረስ ዕቃውን ይነቀንቃል። በስንጥሯ ላይ የተጻፈው ቁጥር ወደ አንድ ግጥም ይመራዋል፤ የግጥሙን ምሥጢር ደግሞ በዚያው አካባቢ የተቀመጡ ፈቺዎች በክፍያ ያብራሩለታል። ከሚጠየቁት ጉዳዮች አንዱ ሥራ ነው፦ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? ልቀጠር ወይስ ልነግድ?

ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሐበሻ ቢኖር አስቀድሞ የራሱን ጓዳ ይመልከት። የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ ኮከቡን የሚነግረው አውደ ነገሥት የእኛው መጽሐፍ ነው። ሲኒ ገልብጦ የቡና አተላ የሚያነብም፣ የበግ ሞራ ዘርግቶ መጪውን የሚተነብይም በአገራችን አልጠፋም። ኑሮ ሲጠምብን «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» እንላለን። በቋንቋችን ከክርታስ ላይ የሚወጣው ዕጣና የሕይወታችን ዕጣ ፈንታ በአንድ ቃል መጠራታቸውም ያለ ምክንያት አይመስልም።

ይሁንና ዕጣ ሁለት የተለያዩ ተግባራት እንዳሉት ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው በብዙ ሰዎች መካከል መዳኘት ነው። ዕቁብን እንውሰድ። ሁሉም እኩል ይጥላል፤ ሁሉም በተራው ይወስዳል። የሚለየው ተራው ብቻ ስለሆነና አንዱን ከሌላው የሚያስቀድም ምክንያት ስለሌለ፣ ዕጣው ፍትሐዊ ነው። ወራሾች የአባታቸውን ርስት ሲከፋፈሉ ዕጣ ይጥሉ የነበረውም ስለዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ለብዙ ዓመታት አዲስ ተመራቂ ሐኪሞችን በየክልሉ የመደበው በዕጣ ነበር። ወደ ሩቅ ወረዳ የሚሄድ ሐኪም መገኘት አለበት፤ ምደባው በሰው ፈቃድ ብቻ ቢሆን ዘመድ ያለው አዲስ አበባ ይቀር፣ ዘመድ የሌለው ይላክ ነበር። ዕጣው ማንንም ስለማያውቅ ለማንም አያዳላም።

ነገር ግን ዕጣው ማንንም ስለማያውቅ፣ የማን እናት ታማ እንደተኛችም አያውቅም። የማን እጅ ለቀዶ ሕክምና እንደተፈጠረ፣ ማን ሕፃናትን ለማከም ትዕግሥት እንዳለውም አያውቅም። ለብዙዎች ፍትሕ የሆነው ዕውርነቱ ለአንድ ሰው ምክር ሲጠየቅ ጉድለት ይሆናል። አማካሪ የሚፈለገው ስለሚያውቀን ነውና።

አማኙ «ስንጥሯ የምትወድቀው በአጋጣሚ ሳይሆን በፈቃደ ሰማይ ነው» ብሎ ይሞግተን ይሆናል። ሐዋርያትስ ማትያስን በዕጣ አልመረጡም? መርጠዋል፤ ነገር ግን ከዕጣው በፊት ያደረጉትን እናስተውል። በመጀመሪያ ለቦታው የሚበቃው ሰው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ወሰኑ። ቀጥሎ ለዚያ የሚመጥኑ ሁለት ሰዎችን አቆሙ፤ ጸለዩም። ዕጣው የመጣው በመጨረሻ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኳን ስትመርጥም መራጮች አስቀድመው ዕጩዎቹን ወደ ሦስት አወረዱ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን የአቡነ ታዋድሮስን ስም ያወጣው። ስለዚህ ዕጣ የሰማይ ድምፅ ነው ብለው በሚያምኑት ዘንድ እንኳ ዕጣ ሰውን ከማሰብ አያሳርፍም።

በዚህ ዓይን ካየነው የቻይናውያኑ ሥርዓትም የሚመሰገን ጎን አለው። ጠያቂው ከሩጫው አረፍ ብሎ ጭንቀቱን በአንድ ግልጽ ጥያቄ መሰብሰብ ይኖርበታል። ግጥሙ «ታገሥ» ቢለው እንኳ ምን እየሠራ እንደሚታገሥ የሚወስነው ራሱ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በናይሮቢ የስንትና የስንት ሰው ኑሮ በ«ፕሮሰስ» እና በዲቪ ላይ እንደተንጠለጠለ አንባቢ ያውቃል። ነርሷ፣ አናጢው፣ የሒሳብ ሠራተኛው «ዛሬ ነገ እሄዳለሁ» ሲሉ ዓመታት ያልፋሉ። በሚጠብቅ ሰው መፍረድ አይገባም፤ የሥራ ፈቃድ ማጣት፣ የቋንቋ ችግርና የወረቀት ጣጣ እውነተኛ መሰናክሎች ናቸው። ነገር ግን መጠበቅና መቆም ይለያያሉ። ዕጣ ቢወጣ የሚሰጠው አገር ነው፤ ሙያ አይሰጥም። በጥበቃ ዘመኑ እጁ የዛገበት አናጢ የተመኘው አገር ሲደርስ ሥራውን እንደገና ከሀ ሁ ይጀምራል።

ሁርሊንግሃምን አቋርጦ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የተሰየመበት አርጊንግስ ኮዴክ እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባዋል። ይህ ሰው በቅኝ ግዛት ዘመን ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠና ወደ ብሪታንያ ቢላክም ሕግ መረጠ፤ ከመጀመሪያዎቹ የኬንያ አፍሪካውያን ጠበቆችም አንዱ ሆኖ ተመለሰ። በማኡ ማኡ ትግል ለተከሰሱ ሰዎችም ጥብቅና ቆመ። የተወለደበትን ዘመን አልመረጠም፤ በጥር 1969 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ ላይ የደረሰበትን ሞትም እንዲሁ። ሥራውን ግን መርጧል፤ ስሙ ዛሬ የሚጠራውም በሥራው ነው።

ስለዚህ በሥራ ምርጫ የተጨነቀ ሰው ስንጥር ከመነቅነቁ ወይም ኮከቡን ከማስቆጠሩ በፊት ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። በእጄ ያለው ችሎታ ምንድን ነው? ማንን ይጠቅማል? ያሰብኩት ባይሳካ ከእኔ ሌላ ማን ይጎዳል? የሚያውቁትን ሁለት ሦስት ሰዎችም ያማክር። ይህን ሁሉ አድርጎ ሁለቱ መንገዶች ቢተካከሉበት ዕጣ ቢጥል ነውር የለበትም። ብቻ የወጣለትን እንደ ራሱ ምርጫ ይቀበል፤ ሥራው በከበደው ቀን ስንጥሯን አይክሰስ።