ምላሹ ሳይገለጥ ስለ መጽናት

የሰው ልቡና፣ የጠየቀው ነገር ምላሹ ገና ሳይገለጥለት፣ «እውነቱ ይህ ነው» ብሎ ለመጽናት በምን ሥልጣን ይደፍራል? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ከሊቃውንት ጉባኤም ከፈላስፎች መጻሕፍትም ተለይቶ አያውቅም። እኔን ግን አብዝቶ የሚጎበኘኝ በጋምቤላ ክልል ባለችው በአቦቦ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከጋዜጣ ላይ መስቀለኛ ቃላት ከሚሞሉ ሰዎች መካከል ስገኝ ነው። እነዚህ ሰዎች መልሱ በሚቀጥለው እትም እንደሚወጣ እያወቁ፣ እትሙም ከአዲስ አበባ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መድረሱ አጠራጣሪ መሆኑን እያወቁ፣ አንዱን ቃል በእርሳስ፣ ሌላውን በቀለም ይጽፋሉና፤ በቀለም የሚጽፉትን ማን አረጋገጠላቸው?

ጨዋታው በጥንተ ታሪኩ የእኛ አይደለም። አርተር ዊን የተባለ፣ በሊቨርፑል የተወለደ ጋዜጠኛ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1906 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ካወጣው በኋላ በዓለም የተሠራጨ ነው። ወደ ፊደላችን ሲገባ ግን ጠባዩ ተለውጧል። በላቲን ፊደል እያንዳንዱ ሳጥን ተነባቢን ወይም አናባቢን ለየብቻ ሲይዝ፣ በእኛ ዘንድ አንዲት ሳጥን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ካሉት ከሰባቱ ድምፆች በአንዱ የተወሰነች ምሉዕ ፊደል ስለምትቀበል፣ አግድም የሚሄደውና ቁልቁል የሚወርደው ቃል በሚገናኙባት ሥፍራ በፊደሉ ዘር ብቻ ሳይሆን በድምፁም ሊስማሙ ግድ ይሆንባቸዋል፤ «ባ»ን የምትሻ ሳጥን «ቦ»ን አትቀበልም። ስለዚህ አዘጋጁ አብዝቶ ይደክማል፤ ለሚሞላው ሰው ግን እያንዳንዷ መገናኛ ከፍ ያለ ምስክርነት ትሰጠዋለች።

የምስክርነትን ነገር የጋምቤላ ምድር በስሞቿ ታስተምራለች። «በጋምቤላ ክልል የሚገኝ ወረዳ» የሚል ፍንጭ ከሦስት ሳጥን ጋራ ቢቀርብ፣ ጎደሬ፣ ጂካዎ፣ አኮቦ፣ አቦቦ ሁሉም በሦስት ፊደል የሚጻፉ ናቸውና ሁሉም ይገጥማሉ። በአቦቦ የተቀመጠ ሰው ግን፣ የተወለደባትን ወይም የኖረባትን አገር ስም በጋዜጣ ላይ ማየት ደስ ስለሚያሰኘው፣ እጁ አቦቦን ለመጻፍ ይፈጥናል። ከዚያም ምስክሮች ይመጣሉ። በመጀመሪያይቱ ሳጥን በኩል «የመኝታ ዕቃ» የሚለው ቁልቁል ሲወርድ «አልጋ» ይሆንና «አ»ን ይሰጣል፤ በመጨረሻይቱም በኩል «ከሸክላ የሚሠራ ዕቃ» የሚለው «ገንቦ» ሆኖ «ቦ»ን ይሰጣል። ሁለት ምስክሮች ቆሙ፤ ልብም ረጋ። ነገር ግን ጎደሬና ጂካዎ ይውደቁ እንጂ፣ በኑዌር ዞን ያለው አኮቦ በ«አ» ይጀምራል፣ በ«ቦ»ም ይፈጸማል። ሁለቱን ስሞች የምትለያቸው የመካከለኛይቱ ፊደል ብቻ ስትሆን፣ እርሷን ገና ማንም አልነካትም።

በዚያ ጥላ ሥር አንድ ወጣት የአኝዋ ተወላጅ መምህር፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ፣ ይህን ነገር በአጭር ቃል ገልጦልኛል፤ «ጋሼ፣ እነዚህ ምስክሮች እኮ ለሁለቱም መሰከሩ፤ መካከለኛዋን የምታቋርጠውን ይፈልጉ» አለኝ። በመካከል የሚወርደው ፍንጭ «በሌሊት በሰማይ የሚያበራ» የሚል ነበረ። ኮከብ ነው፤ ወረዳውም አኮቦ።

ስለ ሃይማኖት የማሰላስለው ሁሉ ከዚህ የመምህሩ ቃል ጋራ ይገናኛል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው «እምነቴ ተረጋገጠልኝ» ብሎ የሚቆጥራቸው ምስክሮች፣ የእርሱ እምነትና የተቃራኒው እምነት በሚስማሙባቸው በዳርና በዳር ሳጥኖች የሚያልፉ ናቸው። ጸሎቴ ልቤን አሳረፈልኝ የሚል ሰው እውነት ይናገራል፤ የሌላ ሃይማኖት ሰውም ይህንኑ በእውነት ይናገራል። አባቶቼ በዚህ ጸንተው ሞቱ ማለትም እንዲሁ ነው። እነዚህን ከንቱ ናቸው አልልም፤ ጎደሬንና ጂካዎን የሚጥሉ እነርሱ ናቸውና፣ ዕረፍትን የማይሰጥ፣ ማንም ጸንቶ ያልሞተለት ትምህርት በእነርሱ ይወድቃል። ጥርጥሩ ባለበት ቦታ ላይ ግን አይደርሱም።

እንግሊዛዊቱ የፍልስፍና ሊቅ ሱዛን ሃክ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው ስለ ማስረጃና ስለ ምርመራ በሚናገረው መጽሐፏ፣ የሰው ዕውቀት የሚጸናበትን መንገድ በዚሁ በመስቀለኛ ቃላት መስላዋለች፤ ፍንጩ በስሜት ሕዋሳት የምንቀበለው ነው፣ የሚያቋርጡት ቃላትም ቀድሞ የያዝናቸው ሌሎች እምነቶቻችን ናቸው፤ ማንኛውም ቃል የሚጸናው በሁለቱ አንድነት ነው። ድንቅ ምሳሌ ነው፤ እኔ ግን በአቦቦ ካየሁት አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። አቋራጩ ቃል በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ሲሆን፣ ያ ሰው ሁሉንም ለወደደው መልስ እንዲስማማ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል፤ በሌላ ሰው እጅ፣ ከሌላ አቅጣጫ ሲመጣ ግን ምስክርነቱ ንጹሕ ይሆናል።

በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚጠራው የሐተታ ጸሐፊ፣ ሰው ሁሉ «የእኔ ሃይማኖት ቀናች» በሚልበት ዘመን ማን ይፍረድ ብሎ ሲጨነቅ፣ ከሳሽም ተከሳሽም ያልሆነ ዳኛ ከሰው ወገን አጥቶ ወደ ፈጣሪውና ወደ ልቡናው ተመለሰ። በአክሱም ሲያስተምርም ፍራንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብፃውያን እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱን ያቀርብ እንደ ነበረ ይናገራል። ድፍረቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ዳኛ ባይገኝም ምስክር ይገኛል ባይ ነኝ፤ ምስክር ከወገን ነጻ መሆን አያስፈልገውም፣ በክርክሩ ነጥብ ላይ ማለፉ ብቻ ይበቃዋል። ተከራካሪዬ ራሱ፣ ሳያስበው፣ ለእኔ ወይም በእኔ ላይ ሊመሰክር ይችላል።

አባቶቻችን መጻሕፍትን ሲተረጉሙ ለአንድ ኃይለ ቃል ሁለትና ሦስት ምሥጢር እያወጡ በየመካከሉ «አንድም» የሚሉበትን ሥርዓት፣ አንዳንድ ሰዎች ቁርጥ ካለ መልስ እንደ መሸሽ አድርገው ሲነቅፉ ሰምቻለሁ። ነቀፋው ልክ አይመስለኝም። ሊቃውንቱ በአዕማደ ምሥጢር፣ በሥላሴና በሥጋዌ፣ በጥምቀትና በቍርባን፣ በትንሣኤ ሙታንም፣ በአንድ ቃል የጸኑ ናቸው፤ እነዚያን በቀለም ጽፈዋል። «አንድም» ያሉት ፍንጩ ለሁለቱም በእውነት በሚበቃበት፣ መካከለኛይቱንም ሳጥን የሚያቋርጥ ቃል ገና ባልመጣበት ሥፍራ ነው። የመጣላቸውን መቀበልና ያልመጣላቸውን መጠበቅ አንድ ዓይነት ታማኝነት ነው።

በአቦቦ ከዚህ የከበደ ጥያቄ አለ። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ረኃብ ተርፈው በሠፈራ ወደዚህ ቆላ የመጡ ሰዎች፣ ዛሬ በሽምግልና ዘመናቸው፣ «ወንድሞቼ ሲሞቱ እኔ ለምን ተረፍሁ?» ይላሉ። እንግዳ በድንገት በምድራቸው የሠፈረባቸው የአኝዋ ሽማግሌዎችም ከሌላ አቅጣጫ መጥተው፣ «ይህ በእኛ ዘመን፣ በእኛ ወንዝ ዳር ለምን ሆነ?» ይላሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንዲት ሳጥን የሚቋረጡ ይመስለኛል። ስለ እግዚአብሔር መግቦት፣ የመጀመሪያውን ብቻ እየሰሙ፣ «ለበጎ ነው» የሚል ቃል ፈጥነው የሞሉ ሰባክያንን ሰምቻለሁ፤ ያ ቃል በሁለተኛው ሰው ጥያቄ ላይ ሲያልፍ አይገጥምም። የማይገጥመውን መደለዝ ይገባል። እግዚአብሔር ቸር መሆኑን በቀለም ጽፌአለሁ፣ አልደልዘውም፤ በዚያች ሳጥን የሚገባውን ፊደል ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድነት ተቀምጠው እስኪነግሩኝ ድረስ ባዶዋን ትቻታለሁ።