ሰው ሠራሽ አካል ውሸት ነው እንዴ?

ጋይንት ወይ ስማዳ ውስጥ በጦርነቱ እግሩን ያጣ ጎረምሳ ባሕር ዳር ወርዶ ሰው ሠራሽ እግር ቢያስገጥም «አታለልከን» የሚለው የለም። «እሰይ፣ ቆመህ ሄድክ!» ነው የሚባለው።

አሁን ደግሞ ሴት ተብሎ ያደገ፣ እሱ ግን ወንድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አስቡ፤ ትራንስ ወንድ የሚባለው። ከፍቅረኛው ጋር ሲሆን የሚለብሰው የሲሊኮን ብልት ይመርጣል፤ መጠኑን፣ ማሰሪያውን፣ ቀለሙን። (የራሱን ጠይም መልክ የሚመስል ይፈልጋላ፣ ማን አይፈልግም?) እዚህ ስንደርስ ነው «ውሸት» የሚለው ቃል የሚመጣው።

የሚገርመው፣ ትውልደ ኒውዚላንዱ ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወታደሮችን ፊት የጠገነበትን ዘዴ ነው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለትራንስ ወንዱ ማይክል ዲሎን ብልት ለመሥራት የተጠቀመበት። እጁም ዘዴውም ያው ነው።

ለእኔ ውሸት ማለት ማወቅ የሚገባውን ሰው መደበቅ ነው። ፍቅረኛው ታውቃለች፤ አብራው መርጣለች። ጎረቤትስ? ባለ ሰው ሠራሽ እግሩን እስቴ ገበያ መሃል «ሱሪህን ሰብስብና አሳየን» አንለውም። ያኛው ግን ዝም ቢል አታላይ ይባላል፤ ቢናገር ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 አለ፣ ሁለቱን እንደ ሁለት ሴት ካያቸው እስራት ነው። ታዲያ «እውነቱን ተናገር» የምንለው የት ሆኖ እንዲናገር ነው?