ድሉ የእኛ፣ ሽንፈቱ የእነርሱ?

ብሔራዊ ቡድናችን ሲያሸንፍ «አሸነፍን» እንላለን፤ ሲሸነፍ ግን «ተሸነፉ» ማለት ይቀናናል። ተጫዋቾቹ ያው ናቸው፤ መለያውም ሰንደቅ ዓላማውም ያው ነው። ይሁን እንጂ በዘጠና ደቂቃ ጊዜ ውስጥ «እኛ» የነበረው «እነርሱ» ይሆናል። ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ባላነሣነውም ነበር። ነገር ግን አነጋገር ከልብ የሚመነጭ ስለ ሆነ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ ያስነሣል፤ በእኛ ስም ተሰልፎ በወደቀው ሰው ላይ ምን ዓይነት ፍርድ ልንሰጥ ይገባናል?

ጥያቄው የትልልቅ ከተሞች ጥያቄ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኦሞ፣ በኦሞ ወንዝ አጠገብ የምትገኘው የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ካንጋተን ከአዲስ አበባ ስታዲየም እጅግ ሩቅ ናት፤ የኳሱ ወሬ ግን ይደርሳታል፤ ክርክሩም አብሮ ይደርሳታል። በዚያም እንደ ጂንካና እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ ወጣቶች አሠልጣኙን ይሽራሉ፣ ሌላውን ይሾማሉ፤ አጥቂውን ይወቅሳሉ፣ ግብ ጠባቂውን ይከሳሉ። ወገኖቹ ከብት የሚያሰማሩት እስከ ኬንያና እስከ ደቡብ ሱዳን ድንበር ድረስ የሆነ፣ ቋንቋውም ከቱርካና ቋንቋ ጋር የሚቀራረብ የኛንጋቶም ወጣት ስለ ኢትዮጵያ ቡድን ሲናገር «እኛ» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ወጣት እኛ ታላላቆቹ ያንኑ ቃል እንዴት እንደምንይዘው ይመለከታል።

ለምሳሌ የሚሆነን ታሪክ ቅርብ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደዚሁ ውድድር የተመለሱት ዋልያዎቹ በደቡብ አፍሪካ በኔልስፕሩት ከተማ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠሙ። ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው አዳነበት፤ የእኛ ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ያም ሆኖ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ በአሥር ሰው 1 ለ 1 ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ግን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያም 2 ለ 0 ተሸንፈው የምድቡ መጨረሻ ሆኑ። በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው ውድድርም እንዲሁ በአንድ ነጥብ ብቻ ተመለሱ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ክርክሩ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን «እዚያ መድረሳቸው ይበቃል፤ አትንኳቸው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «አዋረዱን» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ይጎድላቸዋል። የመጀመሪያው ተጫዋቾቹን እንደ ሕፃናት ቆጥሮ ከፍርድ ይሸሻል፤ ሰውን ከተጠያቂነት ማውጣት ደግሞ እርሱን ማክበር አይደለም። ሁለተኛው ይፈርዳል፤ ነገር ግን ያለ ፍትሕ ይፈርዳል።

ታላቁ መምህር ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ፍርድ ሲያስተምር፣ መፍረድ በራሱ ኀጢአት እንዳልሆነ ያስረዳል። ነገር ግን ፍርድ ቀና ይሆን ዘንድ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ከፍትሕ ፍቅር መመንጨት፣ ከፈራጁ ሥልጣን አለማለፍ፣ በማስተዋልም መመዘን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፍርዱ ይበላሻል። ይህን ሚዛን ወደ ኳስ ክርክራችን እናምጣው።

አንደኛው የፍትሕ ፍቅር ነው። የሚተቸው ሰው ቡድኑ እንዲታረም ይፈልጋልን? ወይስ ንዴቱን የሚያራግፍበት ሰው ይፈልጋል? ለዚህ ጥሩ መለያ አለ። «ይሸነፋሉ ብዬ ነበር» የሚል ሰው ግብ ሲቆጠርብን በልቡ ደስ ካለው፣ ቡድኑን ከመውደድ ይልቅ የራሱን ትንቢት መውደዱ ነው። በኔልስፕሩት ግብ ጠባቂያችን ሲወጣ አንዳንድ ደጋፊዎች ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ወርውረው ጨዋታው እስኪቋረጥ ድረስ ሄደው ነበር። በሜዳ የቀሩትን አሥሩን ተጫዋቾች ይህ ምን ጠቀማቸው?

ሁለተኛው ሥልጣን ነው። ተመልካች የታየውን መናገር ይችላል፤ «ኳሷን ዘግይቶ ሰጠ»፣ «ተከላካዩ ቦታውን ለቀቀ» ቢል ዐይኑ ያየውን መሰከረ። «ሆን ብሎ ነው»፣ «ገንዘብ በልቶ ነው»፣ «ለአገሩ ግድ የለውም» ሲል ግን የልብን ምሥጢር ሊዳኝ ተነሣ፤ ይህም የእግዚአብሔር ብቻ ነው። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ስምንተኛው ትእዛዝ በፍርድ ቤት ብቻ የሚሠራ ሕግ አይደለም። ያለ በቂ ማስረጃ የባልንጀራን በደል እውነት ነው ብሎ መቀበል የችኮላ ፍርድ እንደሚባልና ኀጢአት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያናችን በትምህርተ ክርስቶስ ታስተምራለች።

ይህን ስንል ግን ዝምታን ማስተማራችን አይደለም። በኃላፊነት የተቀመጠን ሰው ሥራውን መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። በሰኔ 2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ በመሰለፉ ኢትዮጵያ ሦስት ነጥብ ተቀነሰባት። ይህ የካርድ መዝገብ የመያዝ ጉድለት እንጂ የእግር ድካም አልነበረም፤ ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አምኗል። እንዲህ ባለው ጉዳይ «ማን፣ ምን ሳይሠራ ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ሐሜት አይደለም፤ ፍትሕ ነው። ሜዳ ላይ ላቡን ያፈሰሰውን መስደብና በቢሮ የተዘነጋውን ማለፍ ግን ፍትሕን መገልበጥ ይሆናል።

ሦስተኛው ማስተዋል ነው። የሚፈርድ ሰው ነገሩን ማወቅ አለበት። በ2005ቱ ውድድር ዛምቢያ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ነበረች። ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች፤ ለፍጻሜ የተጋጠመቻትም ቡርኪና ፋሶ ነበረች። ሁለቱም የፍጻሜ ተጋጣሚዎች ከእኛው ምድብ የወጡ ናቸው ማለት ነው። ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ቆይተን፣ የተሸነፍነው በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ነው። በሌላ በኩል ቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂዋ በቀይ ካርድ ከወጣባት በኋላም ግብ ማከሏን መደበቅ አይገባም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አንዷን ነጥብ ድል ብሎ አያጋንናትም፤ ውርደትም ብሎ አይጠራትም። እውነት ከሁለቱም ወገን የበለጠ ጸጥታ አላት።

«ምን አለበት? ኳስ እኮ ነው፤ ወሬ እኮ ነው» የሚለን ይኖራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የኮሎምቢያው ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር ሳያስብ በራሱ ቡድን ላይ አንዲት ግብ አስቆጠረ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ሰኔ 25 ቀን በሜዴሊን ከተማ ስለዚያች ግብ ከሰደቡት ሰዎች ጋር በተነሣ ጠብ በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ሰዳቢዎች ሁሉ ገዳዮች አይደሉም፤ ነገር ግን ገዳዩ ጥይቱን ከመተኮሱ በፊት ብዙ አፎች መንገዱን ጠርገውለት ነበር።

ለእኛ አገር ከዚህ የሚቀርብ ሌላ አደጋ አለ። ከሽንፈት በኋላ የተጫዋቹን ስም አንሥቶ «ከወዴት ነው? የማን ወገን ነው?» ብሎ መቁጠር ነው። ይህ አመል ወዴት እንደሚያደርስ ለኦሞ ሸለቆ ሰው መንገር አያስፈልግም። ኛንጋቶም፣ ዳሰነች፣ ሐመርና ካራ፣ ከድንበር ማዶም ቱርካናዎች፣ በግጦሽና በውኃ ይገናኛሉ፤ በከብት ዘረፋ ምክንያት ደም የተቃቡበትም ጊዜ አለ። አንድ ሰው ያጠፋው ጥፋት በወገኑ ሁሉ ላይ ሲቆጠር በደሉን ያልሠራው እረኛ ይሞታል። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ የሚደክሙት ይህን ለመበጠስ ነው። በሽማግሌ የተፈታውን ቋጠሮ በኳስ ወሬ መልሰን ልንቋጥረው አይገባም።

እንግዲህ «እኛ» ማለት ምን ማለት ነው? በ1954ቱ ፍጻሜ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ። ዋንጫውን በተቀበለ ቀን የእኛ ነበር። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ ቀሪ ዕድሜውን በስደት ኖረ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በጣሊያን አገር ዐረፈ። «እኛ» የሚለው ቃል በድል ቀን ብቻ የሚሠራ ከሆነ የደስታ ጩኸት እንጂ የወንድማማችነት ቃል አይደለም። በድል ቀን «እኛ» ያለ ሰው በሽንፈትም ቀን ሊያከብረው የሚገባ ቃል ኪዳን ገብቷል።

ይህን በጌታችን እናያለን። ሁለቱ ውድድሮች በተደረጉበት በጥር ወር የምናከብረው የጥምቀት በዓል የሚያስታውሰን፣ ኀጢአት የሌለበት ጌታ ከኀጢአተኞች ጋር ተሰልፎ ወደ ዮርዳኖስ መውረዱን ነው። ጥፋታችንን ጥፋት አይደለም አላለም፤ ሆኖም በወደቅን ጊዜ «እነርሱ» ብሎ አልራቀንም። ቅዱስ ጳውሎስም ክርስቲያኖችን በአንድ አካል ብልቶች መስሎ ሲያስተምር፣ የአንዱ ሕመም የሁሉም ሕመም መሆኑን አመልክቷል። ስለዚህ የክርስቲያን ወቀሳ እንደ ወንድም ወቀሳ ነው፤ እውነቱን ይናገራል፤ ተናግሮም በዚያው ይቆያል።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ወጣቶቻችን ስለ ኳስ ሲከራከሩ አትከልክሏቸው። ይልቁንም ከመካከላቸው ተቀምጣችሁ ሦስቱን ጥያቄዎች አቅርቡላቸው፤ ይህን የምትለው እንዲታረም ወድደህ ነውን? ልትፈርድበት የምትችለው ነገር ነውን? የምትናገረውንስ በእርግጥ ታውቃለህን? በኳስ ተጫዋች ላይ በፍትሕ መፍረድን የለመደ ወጣት በጎረቤቱ፣ በሚስቱ፣ በሌላው ጎሣም ላይ በፍትሕ መፍረድ አይከብደውም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የእኛ ድርሻ ምሳር ማንሣት ሳይሆን፣ የወደቀበትን ምክንያት መርምረን የወደቀውን ማንሣት ይሁን። ቡድናችን ዳግመኛ የተሸነፈ ዕለትም «ተሸነፍን» ለማለት የሚበቃ ልብ እግዚአብሔር ይስጠን።