ሙት ፋይል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልኩ ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ባለፈው ክረምት ደባርቅ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ግን የተጻፈውም ሲረሳ አየሁ።

ነገሩ ተራ ነው። ሰርቨሩ ሞላ፤ ኮምፒዩተሩ መጎተት ጀመረ። ስለዚህ ለዓመታት ያልተከፈተ ፋይል ሁሉ ተለቅሞ ወደ ሌላ ዲስክ ተዛወረ። ምን ክፋት አለው? የዓመቱ እህል በሙሉ ምድጃ ዳር አይከመርም፤ ጎተራ የተሠራው ለዚህ ነው። ክፋቱ፣ ዲስኩ ምን እንደያዘና የት እንደተቀመጠ የጻፈ የለም። ያዛወረው ልጅ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ተቀይሯል።

ከፊቴ የቆሙት ጡረተኛ መምህር ናቸው። የሦስት ዓመት አገልግሎት ጎድሎባቸዋል፤ ጡረታ ደግሞ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን ነው። ማስረጃቸው አንዲት ደብዳቤ ናት። በ1970 ዓ.ም.፣ ቀይ ሽብር ጎንደርን ባስጨነቀበት ጊዜ፣ «ፀረ አብዮት» ተብለው ከሥራ ሲታገዱ የተጻፈች። ያቺ ወረቀት እንድትጠፋ ሲመኙ ኖረዋል። ዛሬ ከዚያ በፊት አስተማሪ እንደነበሩ የምትመሰክርላቸው እሷ ብቻ ሆነች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሙት ፋይል ውስጥ ነው» አለቻቸው ጸሐፊዋ።

«እኔ ግን አለሁ፣ ልጄ።»

በልጅቷ አልፈርድም። ማሽኑ የሚቆጥረው ፋይሉ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ነው። ኑዛዜስ ስንት ጊዜ ይከፈታል? አባቶቻችን የጉልት ስጦታን በወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ እየጻፉ የሚፍቀውን ይገዝቱ ነበር። መቶ ዓመት ጠያቂ ባይመጣ እንኳ መጽሐፉ ዕቃ ቤት እንዳለ ይታወቃል። (የባለጉልቱ ስም እንጂ የገባሩ እንደዚያ አልተጠበቀም፤ ይኼንንም አንርሳ።) የዛሬው ዲስክ ግን ለባለጉልቱም ለገባሩም እኩል ጠፍቷል! አዛዡን ብትጠይቁት «አንድም ፋይል አልሰረዝኩም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ አልሰረዘም። የሚጠየቅበት ያልጻፈው አንድ ገጽ ዝርዝር ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም አልጠየቀውም።

እኔም ብሆን ማስተማር ሳቆም ሦስት ካርቶን የተማሪዎች ጽሑፍ ለሱቅ መጠቅለያ ሰጥቻለሁ። ከመካከላቸው የማን ምን እንደነበረ አላየሁም።

ጸሐፊዋ በራሷ ስልክ ባሕር ዳር ደወለች። ልጁ አነሳ። «መስኮቱ ሥር ያለው መሳቢያ ይመስለኛል» አላት። መሳቢያው ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ሰው ምሳ ወጥቷል። መምህሩ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።