ጉንፋናችሁን ይዛችሁ አትግቡ

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በማሞቂያ ክፍል ሳምንታት ቆይቶ፣ በኦክስጅንና በመተንፈሻ መሣሪያ ነፍሱ ተርፋ ቤቱ ይገባል። ያተረፈው መሣሪያ ግን ገና ያልበሰለ ሳንባውን ጎድቶታል። ሐኪሞች ይህን ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ብሮንኮፑልሞናሪ ዲስፕላዚያ ይሉታል። እኛስ? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልንል አፍንጫችንን እየጠረግን እንገባለን፤ ከእናቱ እቅፍ ተቀብለን ጉንጩን እንስማለን። እናቲቱ ብትከለክል «ኮራች» ተብላ ትታማለች። ነውር ነው! ነውሩም የእርሷ አይደለም፣ የእኛ ነው።

አር ኤስ ቪ የሚባለው ቫይረስ ጤነኛ ጎልማሳን አብዛኛውን ጊዜ ከተራ ጉንፋን የባሰ አያደርገውም። ጨቅላው ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች ወርዶ ያሳብጣቸዋል፤ በአክታና በሞቱ ሴሎች ይደፍናቸዋል። ደህና ሳንባ ያለው ልጅ እንኳ ይጨነቃል። ሳንባው አስቀድሞ የተጎዳው በምን አቅሙ ይቋቋመው? እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዚህ ቫይረስ ሰበብ ከ100,000 በላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደሞቱ ይገመታል፤ ከመቶው 97 ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ካስያዝነው በኋላ የምንሠራው ደግሞ ይብሳል። ከጎረቤት የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ እንለምናለን፣ ካጣንም ያለ ማዘዣ እንገዛለን። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ባክቴሪያ ተደርቦ እንደሆነ መርምሮ የሚያዘው ሐኪም ነው። አንተ ፋርማሲ ውስጥ የቆምክ ባለሙያ፣ ይህን ተምረህ ሳለ ልጁን ሳታይ፣ ስለ ትንፋሹ አንድ ቃል ሳትጠይቅ ጠርሙሱን ስትሸጥ ለቤተሰቡ የሸጥክለት ከንቱ መጽናኛ ነው፤ እርሱን ይዘው ሁለት ቀን ቤት ይቀመጣሉ።

«እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ ለምላጭ የሚሰጥም አለ። እንጥልን ከሳንባ ምን አገናኘው? ሕፃኑ ይደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጡት መጥባት ያቅተዋል። ክፍሉን በከሰልና በዕጣን ጭስ ማፈንም ያው ነው።

ቫይረሱን አጥፍቶ እነዚህን ልጆች የሚፈውስ የተለመደ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሕክምናው ኦክስጅን፣ በቂ ፈሳሽ፣ አፍንጫን ማጽዳት፣ ሲከፋም የመተንፈሻ እገዛ ነው፤ የሚጠቅመውም ለደረሰ ነው። መከላከያ ግን አለ፦ በየወሩ የሚወጋው ፓሊቪዙማብ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለዓመታት ይሰጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ የሚወጋው ኒርሴቪማብና ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ መጥተዋል። ዋጋቸውን ያስወደዱና መንገዳቸውን ያዘገዩ ሁሉ፣ ያልደረሳቸው የድሃ አገር ልጆች ዕዳ አለባቸው። የእነርሱ ጥፋት ግን የእኛን አይሸፍንም፤ እጅ መታጠብ ዋጋው ስንት ነው?

እንግዲህ ጉንፋን የያዛችሁ አራሷን በስልክ ጠይቁ፤ አያትም ብትሆኑ። የሕፃኑ ደረት ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጡት ከተወ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከሁለት ወር በታች ላለው 60፣ እስከ ዓመቱ ላለው 50 ከደረሰ፣ በሌሊትም ቢሆን ኦክስጅን ወዳለበት ውሰዱት። «ነገ ጠዋት እናየዋለን» አትበሉ።